«ዐይን ጣል አድርግበት»፦ ስለ አርታዒ ዋጋና ስለ እርማት ሥልጣን

በአማርኛ ጽሑፍ ዓለም አንድ ሰው ሳይከፈለው እንዲሠራ የሚጠየቅበት የታወቀ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «እስቲ ዐይን ጣል አድርግበት» ይባላል። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ ወዳጅነትንም ያስታውሳል። በውስጡ ግን ሥራው የዐይን ብቻ እንደ ሆነ፣ በአንድ እይታ እንደሚያልቅ፣ የሠራውም ሰው ከምስጋና በቀር የሚጠይቀው እንደሌለ ይናገራል። በጆሐንስበርግ በአርታዒነትና በአራሚነት ሙያ ለመሰማራት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከወገኖቹ ዘንድ በመጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይጠራዋል፤ የጥቂት ሳምንታት ኮርስ ገዝቶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ ከቤቱ ሳይወጣ በእንግሊዝኛ ገንዘብ እንዲያገኝ ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ ነው። ሁለቱ ድምፆች የሚቃረኑ ቢመስሉም በመሠረቱ ተስማምተዋል። ሁለቱም ሙያው ስሕተት መልቀም ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ሐሰት ነው፤ የሚያስከፍለውም ዋጋ ከአንድ የተዛባ ፊደል እጅግ የከበደ ነው።

በቅድሚያ ሥራው ምን እንደ ሆነ ይለይ። አርታዒና አራሚ አንድ አይደሉም። አርታዒው ጽሑፉን የሚቀበለው ገና ወደ ገጽ ቅንብር ሳይገባ ነው። የዐረፍተ ነገሩን ስምረት፣ የቃላቱን አንድ ወጥነት፣ የስሞቹንና የቍጥሮቹን ትክክለኛነት ይመረምራል፤ በምዕራፍ 2 «ኀይለ ማርያም» ተብሎ የተጻፈው ሰው በምዕራፍ 9 «ሃይለማርያም» ሆኖ ሌላ ሰው እንዳይመስል ይጠብቃል። አራሚው የሚመጣው ገጹ ተቀናብሮ ፕሩፉ ከወጣ በኋላ ነው። እርሱ የሚፈልገው በቅንብር ጊዜ የጠፋውን መስመር፣ የተደገመውን አንቀጽ፣ ከሥዕሉ ጋር ያልተገናኘውን መግለጫ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ዐረፍተ ነገር ማሳመር የሚጀምር አራሚ ሥራውን አልተረዳም፤ እያንዳንዱ ዘግይቶ የገባ ለውጥ መስመር ይገፋል፣ ገጽ ያዛውራል፣ አዲስ ስሕተትም ይወልዳል።

በአማርኛ ሥራው ተጨማሪ ክብደት አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በዛሬው አነጋገር ድምፃቸው አንድ ሆኖ በጽሑፍ ግን እንደ ተለያዩ አሉ። የሙያው መጠሪያ ራሱ ምስክር ነው፤ አንዱ የግዕዙን ሥር ተከትሎ «አርታዒ» ሲል ሌላው በድምፁ «አርታኢ» ብሎ ይጽፋል። ጀማሪው ከሁለቱ አንዱን ጻድቅ፣ ሌላውን ኃጥእ ለማድረግ ይቸኩላል። የሠለጠነው ግን ደራሲው የትኛውን እንደሚከተል ይጠይቃል፤ ውሳኔውን በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ገጽ ይጠብቀዋል። ያ ወረቀት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚዘጋጀው የአጻጻፍ ውሳኔ መዝገብ፣ የአርታዒው ዋነኛ መሣሪያ ነው። የብራና ዘመን ጸሐፍት የዘለሉትን ቃል በመስመሮች መካከል በምልክት ሲያስገቡና የተሳሳተውን ፍቀው ሲያርሙ የሚያመሳክሩት ቅጅ ከፊታቸው ነበር። ዋናው ቅጅ በሌለበት የሚደረግ እርማት ግምት ብቻ ነው።

ጆሐንስበርግ ለዚህ ሙያ ባዳ ከተማ አይደለችም። የደቡብ አፍሪካ የተርጓሚዎች ተቋም በ1956፣ የባለሙያ አርታዒዎች ማኅበር ደግሞ በ1993 ተመሠርተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የታሪክ ዓመታት በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ለተርጓሚዎችም ለአርታዒዎችም የብቃት ፈተና ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ጀማሪውን ከልምድ ባለቤት ጋር የሚያገናኝ የምክር መርሐ ግብር አለው። በከተማዪቱ የዊትዋተርስራንድና የጆሐንስበርግ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአጎራባቿ ፕሪቶሪያ ደግሞ ዩኒሳ ይገኛሉ። ብዙ ጀማሪ አርታዒ የመጀመሪያ ክፍያውን የሚያገኘው ከእነዚህ ተቋማት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ተማሪው ከጽሑፉ ጋር የቋንቋ አርታዒ ደብዳቤ ማያያዙ በአገሪቱ የተለመደ ነውና።

የአርታዒዎቹ ማኅበር ስለ መመረቂያ ጽሑፎች ያወጣው መመሪያ ለሙያው ጠባይ ጥሩ መስኮት ነው። አርታዒው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተማሪው አማካሪ መምህር በጽሑፍ እንዲፈቅድ ይፈለጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚመዘነው የተማሪው ዕውቀት ስለ ሆነ፣ የአርታዒው እጅ እስከ የት እንደሚዘረጋ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሰዋስው ማቃናት ይፈቀዳል፤ የተማሪውን ክርክር መጻፍ ግን ማታለል ነው። እንግዲህ የሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስሕተቱ የት ነው?» የሚለው ሳይሆን «ይህን ለመለወጥ ሥልጣን የሰጠኝ ማነው?» የሚለው ነው። የኮርስ ነጋዴዎቹ የሚሸጡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው በነጥብና በነጠላ ሰረዝ መልመጃ አይገኝም።

ይህ ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ የሚቀር እንዳልሆነ በዚያው ከተማ ምድር ያረፈ አንድ ደራሲ ይመሰክራል። ሶል ፕላቼ በ1876 ተወለደ፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ በ1912 የተመሠረተው የአፍሪካውያን ብሔራዊ ኮንግረስ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ነበረ። በ1932 ያረፈው በጆሐንስበርግ፣ ፒምቪል በተባለው ሰፈር ነው። «ምሁዲ» የተሰኘው ልብ ወለዱ በ1930 በላቭዴል ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። ከብዙ ዘመን በኋላ በታይፕ የተጻፈው የቀድሞ ረቂቅ ተገኝቶ በ1978 በእርሱ ላይ የተመሠረተ እትም ሲወጣ ሁለቱ ጽሑፎች በብዙ ቦታ እንደሚለያዩ ታየ። የትኛውን ለውጥ ማን እንዳደረገውና ደራሲው ምን ያህል እንደ ተስማማ ምሁራን ተከራክረዋል። ክርክሩ የተነሣውም ለውጡ ሲደረግ የጥያቄና የመልስ መዝገብ አብሮ ስላልተላለፈ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ይከነክናል። ፕላቼ በሕይወት ሳለ የሴትስዋና አጻጻፍ ተናጋሪዎቹ ሳይመክሩበት ከላይ እንዳይለወጥ አጥብቆ የተሟገተ ሰው ነበረ። የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ወደ ሴትስዋና የመለሰው ትርጕሙ ግን ከሞቱ 5 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲታተም የቋንቋ ምሁሩ ሌስትሬድ አርትዖት አድርገውበት፣ አጻጻፉም ተለውጦ ነበር። መልስ ሊሰጥ የማይችል ደራሲ፣ በተከራከረበት በዚያው ጕዳይ ላይ ታረመ። የአራሚው ዕውቀት አያጠራጥርም፤ መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰውም በዚያው ኅትመት ነው። እንዲያም ሆኖ ዕውቀት ብቻውን ሥልጣን እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ወደ ዛሬው ጆሐንስበርግ እንመለስ። በመሐል ከተማው፣ ጄፒ ይባል በነበረው፣ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም በሚጠራው ጎዳናና በዙሪያው፣ የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከነአማርኛ ጽሑፋቸው ሰፈር ሠርተዋል። በዚያ ሰፈር የሚጻፈው የምግብ ዝርዝርና የሱቅ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የማኅበርና የዕድር ደንብ፣ የኪራይ ውል፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት፣ የልደት ማስረጃ ትርጕም፣ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ቃል ሁሉ ይጻፋል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የተከሰሰ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲዳኝ፣ ይህ ካልተቻለም እንዲተረጐምለት መብት ይሰጠዋል። ለመንግሥት የሚቀርብ ሰነድም ቃለ መሐላ በፈጸመ፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በተመዘገበ ተርጓሚ እንዲተረጐም ይጠየቃል። በተርጓሚውና በማኅተሙ መካከል ግን አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ትርጕሙን ከዋናው ጋር መስመር በመስመር የሚያመሳክረው ሰው ወንበር ነው።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚከተል በአንድ ምሳሌ ይታይ። ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ቀን በማስረጃው ላይ «10/5/1990» ተብሎ ቢጻፍና ተርጓሚው ቍጥሩን ሳይነካ ቢያልፈው፣ ወረቀቱን የሚያነበው መዝጋቢ «ግንቦት 10 ቀን 1990 በጎርጎርዮስ» ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ቀን በዚያ አቈጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። በሁለቱ መካከል 7 ዓመት ከ8 ወር አለ፤ የ15 ዓመቱ ልጅ በወረቀት 23 ዓመት ይሆናል፤ ለሕፃን የተሰጠው ጥበቃም ያመልጠዋል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር ተሰበረ» ያለ ምስክር ቃሉ «ከምሽቱ 8» ተብሎ ቢተረጐም፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማንኛውም ወረቀት ሐሰተኛ ያደርገዋል፤ እርሱ የተናገረው በእንግሊዞቹ አቈጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነበርና። ጸሐይ የተባለች ሴት ስሟ በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል ቢሰፍር ሦስት ሰዎች ትመስላለች። የባሏን ስም ሳይሆን የአባቷን ስም መያዟም የአገሩን ልማድ ለማያውቅ ሰው በጋብቻዋ ላይ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። ከእነዚህ አንዱም የሰዋስው ስሕተት አይደለም። ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ያማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለማየት ሁለት የዘመን አቈጣጠር፣ ሁለት የሰዓት ሥርዐትና ሁለት የስም ልማድ በአንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ በጆሐንስበርግ ያ ሰው ይህን ዕውቀት ከቤቱ ይዞት የመጣው ኢትዮጵያዊ ነው።

ሆኖም የሙያው ወሰን የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው። አርታዒው «10/5/1990 በየትኛው አቈጣጠር ነው?» ብሎ በኅዳጉ ይጽፋል እንጂ ቀኑን በራሱ አይለውጥም። የተንተባተበውን የስደተኛ ቃል አያሳምርም፤ የተፋለሰውንም ታሪክ አያስተካክልም። የሰው ምስክርነት በአርታዒ እጅ ሲያምር የሰውየው መሆኑ ይቀራል፤ ችሎት ፊት በቃል ሲጠየቅም ባለቤቱ የማያውቀው ጽሑፍ ይከስሰዋል። በፕላቼ ላይ የደረሰው የአጻጻፍ ሙግት ነበረ፤ እዚህ የሚደርሰው በነጻነት ላይ ነው። ስለዚህ «ዐይን ጣል አድርግበት» ተብሎ በታክሲ ውስጥ በስልክ ስክሪን የሚነበብ ሰነድ ቸርነት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። በሰው ዕጣ ላይ ያለ ውል፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ ተጠያቂነት መፍረድ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የገበያ ነው። በጆሐንስበርግ በአማርኛ አርትዖት ብቻ የሚኖር ሰው ሊኖር አይችልም፣ እንግሊዝኛው እንጀራ ነው፣ ሌላው ናፍቆት ነው ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ጀማሪው እንግሊዝኛውንም ሊይዝ ይገባዋል። ሁለተኛው ግን ገበያን እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አድርጎ ያያል። በዚያው አገር አፍሪካንስ የኩሽና ቋንቋ እየተባለ ሲናቅ የነበረ ነው። በ1909 አካዳሚው ተቋቋመ፤ በ1917 የቃላት ዝርዝሩና የአጻጻፍ ደንቡ ታተመ፤ በ1925 ቋንቋው ይፋዊ ሆነ፤ በ1933 መጽሐፍ ቅዱስ ወጣበት። የዚያ ቋንቋ አራሚ የሚጠቅሰው ደንብ፣ የሚቀጥረው ጋዜጣ፣ የሚከፍለው አሳታሚና የትምህርት ቢሮ አገኘ። ይህ ሁሉ የተደረገው በጥቁሮች ኪሳራ እንደ ሆነ፣ በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በግድ በተጫነባቸው አፍሪካንስ ላይ መነሣታቸውም የማይረሳ ነው። ግፉ ተወግዞ ትምህርቱ ግን ይቀራል፤ ቋንቋ አርታዒ የሚኖረው ገንዘብ ያለው አካል ለአርታዒው ለመክፈል ሲወስን ነው።

ተቃራኒው ምሳሌም እዚያው አለ። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት 11 ይፋዊ ቋንቋዎችን ዘረዘረ፤ በ2023 የምልክት ቋንቋ 12ኛ ሆኖ ተጨመረ። አንቀጽ 6 ሁሉም እኩል ክብር እንዲኖራቸው ያዛል። ሆኖም ከትምህርት መጻሕፍት በቀር የመጽሐፍ ገበያው በዋናነት የሚንቀሳቀሰው በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ ነው። በሚሊዮኖች የሚናገሩት ዙሉና ሶቶ ማዕረግ ሲሰጣቸው ማዕረጉን የሚያህል ሥራ አልተከተላቸውም። እነዚህን የሚያክሉ ቋንቋዎች በገዛ አገራቸው ይህ ከገጠማቸው፣ በባዕድ ከተማ ያለ አማርኛ ማንም ሳይከፍልለት ገበያ ይወጣለታል ብሎ መጠበቅ ራስን መሸንገል ነው።

ሌላው ተቃውሞ የመሣሪያው ነው፤ ኮምፒዩተሩ ያርማል፣ ሰው ምን ያደርጋል ይባላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ ለአማርኛ ብዙ ነገር ቀሎለታል፤ መሣሪያዎቹም እየተሻሻሉ ነው፤ የሚጠቅመውን አለመጠቀም ሞኝነት ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው «10/5/1990» ላይ ምንም ስሕተት አያይም፤ ቍጥር ነውና። አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠየቅ የምስክሩን ቃል ያሳምረዋል፣ የጐደለውንም በልበ ሙሉነት ይሞላል፤ አርታዒው ከሁሉ ነገር ሊርቀው የሚገባው ጥፋት ይህ ነው። መሣሪያው በበረታ ቍጥር «ይህን ለመለወጥ ማን ፈቀደ?» ብሎ የሚያቆም ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ ጀማሪው በምን ይጀምር? በምስክር ወረቀት ግዢ አይደለም፤ ፈተናውና የማኅበሩ አባልነት በጊዜው ይጠቅማሉ፣ የሚመጡት ግን ከልምምድ በኋላ ነው። በቅድሚያ ቅጅን ከዋናው ጋር ጮክ ብሎ እያነበበ ማመሳከር ይልመድ፤ አፍ የሚያነበውን ዐይን እንደሚዘለው ያኔ ይማራል። ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽም ቢሆን፣ የውሳኔ መዝገብ ያዘጋጅ። ለውጡን ሁሉ በሚታይ መንገድ ያድርግ፤ ደራሲው ሊቀበልም ሊመልስም እንዲችል። ሥራ ከመቀበሉ በፊት ጥቂት ገጾችን በናሙና ሠርቶ በሰዓት ስንት እንደሚዘልቅ ይለካ፤ ዋጋውን በቃል ብዛት ወይም በሰዓት በራንድ ይተምን፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ የሚያስረክብበትንና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ያስፍር። በነጻ መሥራት ከፈለገ ያም መብቱ ነው፤ ግን ዋጋውን ጽፎ «በስጦታ» ይበልበት፣ ተቀባዩ ምን እንደ ተሰጠው እንዲያውቅ። ያልተማረውን የሕግ ወይም የሕክምና ሰነድ ደግሞ «አልችልም» ብሎ ይመልስ።

ከጀማሪው ይልቅ ግን ወቀሳው የሚገባው ለባለገንዘቡ ነው። ለመጽሔቱ የወረቀትና የቀለም ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ማኅበር፣ ለምረቃው አዳራሽ የሚከራይ ደራሲ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ትርጕም የሚያስከፍል ቢሮ፣ የአርታዒው ተራ ሲደርስ ወዳጅነትን ያስታውሳል። በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት የውስጥ ገጽ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ሲገኝ የአርታዒው ስም አይገኝም። ስሙ ያልተጻፈ ሰው አይመሰገንም፤ አይጠየቅምም። ሙያው ያላደገው ሠራተኛ ጠፍቶ ሳይሆን ይህ ልማድ ሠራተኛውን ስላሸሸ ነው።

ማስተካከያው የተወሳሰበ አይደለም። በጆሐንስበርግ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የትርጕም ቢሮዎችና ደራስያን በሚቀጥለው የኅትመት በጀታቸው ከወረቀቱ መስመር ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ «አርትዖትና እርማት» ብለው መጠኑን ያስፍሩ፤ የሠራውን ሰው ስም ያትሙ። ለመንግሥት የሚቀርብ ማንኛውም ትርጕም በሁለተኛ ሰው ሳይመሳከር ማኅተም እንዳይመታበት ደንብ ያድርጉ። መስመሩን በበጀቱ ለመጨመር ፈቃደኛ ያልሆነ ሁሉ ግን ስለ አማርኛ መዳከም የሚያሰማውን እሮሮ ያቁም።